በ43 ዓመቴ 9ኛ ክፍል ብገባ ምን ትሉኛላችሁ?

የሐይቅ ዳሯ፦

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐይቅ ከተማ ነኝ፣ ዕድሜዬ 43። 8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ያለፍኩት በ1991 ነው። ካርዱ እስከ ዛሬ በእናቴ ሳጥን ውስጥ ከኒካህ ወረቀቴ ጋር ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ውጤት በመጣ በሦስተኛው ወር ተዳርኩ። አንድ ልጅ አለችኝ፣ 24 ዓመቷ ነው፣ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቃ ሥራ እየፈለገች ነው። ከአባቷ ጋር ስንለያይ በ2000 ጅዳ ሄድኩ፣ በ2015 ተመለስኩ።

ጅዳ መጀመሪያ ሦስት ቤት ቀያየርኩ፤ እሱን ልተወው። ከ2005 ጀምሮ ግን ዘጠኝ ዓመት አንዲት አሮጊት ይዤ ኖርኩ። ኡሚ ነበር የምላት። ስኳር ነበረባት። ለሁለት ሳምንት ትመጣ የነበረች ፊሊፒናዊት ነርስ አሳየችኝ፣ ከዚያ ሁሉም በእኔ እጅ ሆነ። ሁለቱ ኢንሱሊን በአንድ መርፌ ሲቀዳ የጠራው መጀመሪያ፣ ደፍራሹ ቀጥሎ ነው። ትናንት የወጋሁበትን ቦታ ዛሬ አልነካውም። ሌሊት ላብ ካጠመቃትና እጇ ከተንቀጠቀጠ ስኳሯን እለካለሁ፤ ከ70 በታች ከሆነ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ሰጥቼ 15 ደቂቃ ጠብቄ ደግሜ እለካለሁ። ማታ ማታ እግሯን አጥቤ በጣቶቿ መሀል በመብራት አያለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እግሯ ላይ አንድ ቁስል አልወጣም።

የገዛ እናቴም የስኳር ሕመምተኛ ነበረች። በጥቅምት 2014 ሐይቅም ደሴም በጦርነቱ ሲያዙ ስልክ ተቋረጠ። ከወር በላይ ድምጿን አልሰማሁም። በኋላ ጎረቤት እንደነገረችኝ መድኃኒት ከየትም ስለጠፋ የቀረቻትን ብልቃጥ እየቆጠበች ቀን እየዘለለች ትወጋ ነበር። መብራት የለ፣ ማቀዝቀዣ የለ። ስልክ ሲከፈት እግሯ ቆስሎ ነበር። በጥር ሞተች። እኔ ያን ሁሉ ቀን ጅዳ ላይ የሰው እናት በሰዓቷ እወጋ ነበር።

ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈር ሰው ይጠራኛል። «ነይማ የአባዬን እግር እይልኝ፣ መለኪያው ምን ይላል» ይሉኛል። በባቲ በኩል የሚኖሩ አጎቴ ኢንሱሊናቸውን በዚያ ሙቀት መስኮት ላይ አስቀምጠውት አገኘሁና ሁለት የሸክላ ማሰሮ አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርጌ፣ በመሀሉ እርጥብ አሸዋ ሞልቼ ሰጠኋቸው። ደስ ይለኛል፣ ግን እፈራለሁ። ወረቀት የለኝም። አንድ ቀን ብሳሳትስ?

ነርስ መሆን እፈልጋለሁ። ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ነው። ወንድሜ «ኮምቦልቻ ቦታ ገዝተን አራት ክፍል እንሥራ፣ ኪራዩ ይጦርሻል» ይላል። ልጄ ስነግራት ዝም አለች። ዝምታዋ ከሁሉም በላይ ከበደኝ።

በዚህ ዕድሜ ማታ የተማራችሁ ካላችሁ፣ ጭንቅላት ይቀበላል ወይ? ነርሶች ካላችሁ ደግሞ ሳታባብሉ እውነቱን ንገሩኝ።

ሚሌ መስመር፦

አብሽሪ እህቴ። እኔ 46 ዓመቴ ነው፣ ኮምቦልቻ ነኝ። ሃያ ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ፣ ጅቡቲ። ማታ 9ኛ ክፍል የገባሁት በ2014 መስከረም ነው። አንድ ወር ሳልጨርስ ጦርነቱ መጣ፣ ትምህርት ተዘጋ። ሲከፈት ከጀመርነው ግማሽ ያህሉ አልተመለሰም። እኔ ተመለስኩ።

ጭንቅላት ይቀበላል ወይ ላልሽው፣ መጀመሪያ ዓይንሽን ታዪ። አልቀለድኩም። እኔ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ደንቁሬያለሁ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ለካስ መጽሐፉ ላይ ያለውን ትንሽ ቁጥር ዓይኔ አያነበውም። ከአርባ በኋላ የቅርብ ማየት ይደክማል። የማንበቢያ መነጽር ገዛሁ፣ ሒሳብ በአንድ ወር ተሻሻለልኝ። የማታ ክፍል መብራት ደካማ ነው፣ ፊት ወንበር ያዢ።

ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስለቅስሻል። በተቃራኒው ደግሞ ጂኦግራፊ ላይ መምህሩ ስለ ስምጥ ሸለቆው ሲያስተምር ክፍሉ ሁሉ ዞሮ እኔን ያይ ነበር። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፣ ሚሌ ስትደርሺ ወደ 500 ገደማ ትወርጃለሽ፤ ያንን ቁልቁለት ፍሬን እየጋለብኝ፣ ጆሮዬ እየተደፈነ ስንት ሌሊት ወርጄዋለሁ። ለልጆቹ እኔ ጂኦግራፊ አስረዳቸዋለሁ፣ እነሱ ሒሳብ ያስረዱኛል። «ጋሼ» ይሉኛል። መጀመሪያ ቀን ብቻ ነው የሚያሳፍረው።

አሁን ደግሞ የማይጥመውን ልንገርሽ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2017 ተፈተንኩ። በሀገር ደረጃ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ 5.4 ነበር። እኔ አላመጣሁም። ውጤቱን ያየሁ ቀን መኪናውን አስፋልት ዳር አቁሜ ብዙ ተቀመጥኩ። በግል ተፈታኝነት ደግሜ እቀመጣለሁ፣ ሕግ ነው የምፈልገው፤ የአባቴ መሬት ፍርድ ቤት ሲመላለስ የተጻፈውን አንብቤ መረዳት ባለመቻሌ ያጣሁት ነገር አለ። ስትገቢ ይህን ፈተና አውቀሽ ግቢ። ከ9ኛ ጀምረሽ ለእሱ አጥኚ፣ 12ኛ ስትደርሺ አይደለም።

የደሴዋ እናት፦

የኔ ልጅ፣ ታሪክሽን እያነበብኩ አለቀስኩ። እናትሽን አላህ ጀነት ያግባልሽ። 57 ዓመቴ ነው፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው የምኖረው፣ ቤይሩት አሥራ አንድ ዓመት ነበርኩ። ስለ ትምህርት አላውቅም፣ ስለ ገንዘቡ ግን ልንገርሽ።

እኔ በየወሩ ለወንድሜ እልክ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ቦታውን በስሙ ገዛ፣ «አንቺ እዚህ ስለሌለሽ ነው» አለ፣ እኔም ልክ ነው አልኩ። ሲያገባ ቤቱ የሚስቱና የልጆቹ ሆነ። ስመለስ በገዛ ግቢዬ እንግዳ ሆንኩ፤ ቡና እንኳን ሲፈላ ተጠርቼ ነው የምገባው። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ታረቅን፤ ቤቱ ግን አልመጣም።

ስለዚህ ብትሠሪም ካርታው በስምሽ ይሁን። ወንድምሽ ቅር ቢለው ይበለው፣ ዛሬ ቅር ቢለው ነገ ከመጣላት ይሻላል። ሁለተኛ ነገር፣ አራት ክፍል ለምንሽ ነው? ያለሽን ሁሉ ሲሚንቶ ውስጥ ከቀበርሽው ለደብተር የሚሆን አይተርፍሽም። እኔ ሁለት ክፍል ሠርቼ በእሱ ኪራይ ነው ልብስ ስፌት የተማርኩት፣ በ49 ዓመቴ። ዛሬ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ነሐሴና መስከረም እንቅልፍ የለኝም።

ሲስተር ከደሴ፦

ሳታባብሉ ስላልሽ ሳላባብል ልጻፍልሽ። 19 ዓመት ነርስ ነኝ።

በእኛ ጊዜ 10ኛ ክፍል ጨርሰን ነበር ወደ ጤና ኮሌጅ የምንገባው። ያ መንገድ የለም፤ የ10ኛ ክፍል ፈተና ከ2012 ወዲህ ቀርቷል። አሁን 12ኛን መጨረስ አለብሽ። አራት ዓመት ማታ፣ ከዚያ ኮሌጅ ሦስት ዓመት ያህል በይ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢሳካ 50 ይሞላሻል። ጡረታ 60 ነው። አሥር ዓመት ለመሥራት ሰባት ዓመት ትማሪያለሽ ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ማታ ብቻሽን ሆነሽ አስቢው፣ ለማንም ሳትመልሺ።

ሥራው ደግሞ ኡሚን እንደመንከባከብ አይደለም። እሷ አንድ ነበረች። ዋርድ ውስጥ አንድ ሌሊት ብዙ ሰው በእጅሽ ነው፤ አንዱን ስታነሺ ሌላው ይጠራሻል። ወገብሽ ያምሻል። ሰው ይሞትብሻል፣ ከዚያ ፊትሽን ታጥበሽ ወደሚቀጥለው አልጋ ትሄጃለሽ። ይህን ሰምተሽ አሁንም ከፈለግሽው ግን፣ እህቴ፣ እኔ እንዳንቺ ያለ ባልደረባ እመኛለሁ። በጣቶቿ መሀል በመብራት አየሁ ያልሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኛ ጋ የሚመጣው እግር ጠቁሮ፣ ሽታ አምጥቶ ነው። ከሁለት ወር በፊት አንድ ሰው በየቀኑ ቢያየው ኖሮ አይቆረጥም ነበር እያልኩ ስንቱን አጅቤ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ልኬያለሁ።

እስከዚያ ድረስ ፍርሃትሽን በዚህ ያዢው። መጠን አትቀይሪ፤ ጨምር ቀንስ ማለት የሐኪም ነው። መለካት፣ እግር ማየት፣ ምግብና መርፌ ሰዓቱ እንዳይዛባ ማስታወስ፣ ቁስል ስታዪ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ማድረስ ግን ለማንም አይከለከልም። ኮንጎ ጫማ የሚያደርጉትን ሽማግሌዎች እግራቸውን ከማስገባታቸው በፊት እጃቸውን አስገብተው እንዲዳስሱ ንገሪያቸው፤ ጠጠር ገብቶ ሳይሰማቸው ቀኑን ሙሉ ይሄዱበታል። ረመዳን ሳይገባ ደግሞ ሐኪም ሳያዩ እንዳይጾሙ። የማሰሮው ነገር ትክክል ነው፣ ጥላ ውስጥ ይሁን፣ አሸዋው አይድረቅ፣ መድኃኒቱን ውሃ አይንካው። የሚበርድ ቦታ ካለ በረዶ እንዳይሠራበትም ይጠንቀቁ፤ አንዴ ከረጋ ይጣላል።

ደሴ ስትመጪ ጻፊልኝ።

የሐይቅ ዳሯ፦

ሁላችሁንም አላህ ያክብርልኝ። ስድስት ቀን ሳልጽፍ የቆየሁት የሲስተርን ሒሳብ ይዤ ስለተቀመጥኩ ነው። ለማንም ሳትመልሺ ስላልሽኝ አልመለስኩም። አሥር ዓመት ያንሳል ብዬ ነበር የጀመርኩት። ኋላ ግን ኡሚን የያዝኳት ዘጠኝ ዓመት መሆኑ ትዝ አለኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ምን ያህል ሌሊት እንዳለ እኔ አውቀዋለሁ።

ልጄን ጠየቅኋት። «ታፍሪብኛለሽ ወይ?» አልኳት። ደነገጠች። «እማ፣ እኔ ሥራ አላገኘሁ፣ አንቺ ተማሪ ከሆንሽ ምን እንበላለን ብዬ ነው» አለችኝ። እኔ ስንት ሌሊት ስለ ሐፍረት ስጨነቅ እሷ የምታስበው ስለ ጤፍ ነበር! ደብተር አወጣችና ቁጭ ብላ አሰላችው፤ አካውንታንት አይደለች። ኮምቦልቻው ቀርቶ እዚሁ ሐይቅ ሁለት ክፍል፣ እትዬ እንዳሉት ካርታው በእኔ ስም። የቀረው ተቆራርጦ ለአራት ዓመት ይሆናል፣ ጠበብ ይላል እንጂ ይሆናል። ወንድሜ ሁለት ቀን አልመጣም። በሦስተኛው ቀን መጥቶ ቡና ጠጣ። ስለ ቤቱ አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁም።

ሐሙስ ካርዴን ይዤ ሄድኩ። መዝጋቢው 1991 የሚለውን አይቶ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን አመሳከረና ጻፈኝ። እናቴ ያን ሳጥን ባትጠብቀው ኖሮ ይህ ካርድ አይኖርም ነበር። ሳጥኑን በጦርነቱ ጊዜ በጓሮ ቀብራው ነበር አሉ።

መነጽሩን ገዝቻለሁ ወንድሜ ሚሌ መስመር። እውነትህን ነው፣ ለካ ስልኬንም ደህና አላየውም ነበር።

ሰኞ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንጀምራለን። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ መጽሐፍ ሐይቅ አላገኘሁም። ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ያያችሁ ካላችሁ የት እንደሆነ ጠቁሙኝ፣ ቅዳሜ መምጣት እችላለሁ።

ሚሌ መስመር፦

አዲሱን እስክታገኚ የእኔ የድሮው ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ አለ። ዳሩ ላይ በእርሳስ ብዙ ጽፌበታለሁ፣ ይጠቅምሻል። ዓርብ ወደ ወልዲያ ጭነት አለኝ፣ ሐይቅ አስፋልቱ ላይ ስደርስ አስቀምጥልሻለሁ። የየትኛውን ሱቅ ስም ልያዝ?