ቴስተሩ ራሱ ቮልቴጁን ሲጎትተው ምን ታደርጋላችሁ?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ድሬዎች። የክፍል ሙቀት የምትመዘግብ ትንሽ ሰርኪት ሠርቼ በአንድ ሊቲየም ባትሪ ነው የምትሄደው። ባትሪው ምን ያህል እንደቀረው እንድታውቅ ሁለት 1 ሜጋኦም ሬዚስተር በተከታታይ አስሬ ከመሃላቸው ታነባለች። ባትሪው 4.1 ቮልት ነው፣ መሃሉ ላይ 2.05 መምጣት ነበረበት። ዲጂታሉ ቴስተር ግን 1.95 ይለኛል፣ ከአባቴ የቀረልኝ ባለመርፌው ደግሞ በ10 ቮልት ሬንጅ 0.6 አካባቢ ይቆማል። ሬዚስተሮቹን ጠርጥሬ በዚያ ፀሐይ ታይዋን ገበያ ድረስ ሄጄ ሌላ ገዛሁ፣ ያው ነው። አቦ፣ ማንን ልመን?

ፈረስ መጋላ፦
በከንቱ ነው የለፋኸው፣ ሬዚስተሮችህ ደህና ናቸው። ሎድ የሆነብህ፣ ማለትም ከረንት እየሳበ ቮልቴጁን የሚያወርድብህ፣ ቴስተሩ ነው። ዲጂታሉ ውስጡ 10 ሜጋኦም ገደማ አለው። ያንተ ሁለት ሬዚስተሮች ደግሞ ከመሃል ሲታዩ እንደ ፓራለል (ጎን ለጎን እንደታሰሩ) ናቸው፣ 500 ኪሎኦም። 2.05ን በ10 አባዛና ለ10.5 አካፍል፣ 1.95። ባለመርፌው ፊቱ ላይ በቮልት 20,000 ኦም የሚል ካለበት በ10 ቮልት ሬንጅ 200 ኪሎኦም ብቻ ነው፣ 0.59 ይመጣል።

የከዚራ ልጅ፦
ወላሂ ቁጥሩ ቁጭ አለ! ታዲያ ሬዚስተሮቹን ወደ 10 ኪሎ ላውርዳቸው?

ለገሃር ማዶ፦
ኧረ ተው! አሁን የሚበላህ 2 ማይክሮአምፕ ነው፣ ያኔ 200 ያልፋል፣ ሌት ተቀን። ቮልቴጁን የሚያነበው ቺፕ አትሜጋ328 ከሆነ ከመሃሉ ወደ ግራውንድ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር አድርግና ቶሎ ቶሎ አታስነብበው፣ ይበቃዋል። በቴስተር ለማረጋገጥ ኤምሲፒ6002 ኦፕ አምፕ (አምፕሊፋየር ቺፕ) ፎሎወር አድርገህ፣ ማለትም መሃሉን ሳይጎትት ያንኑ ቮልቴጅ እንዲያወጣ አስረህ፣ በእሱ በኩል ለካ። ግን በሌላ ባትሪ አሠራው፣ ምክንያቱም እሱም ለአንዱ አምፕሊፋየር 100 ማይክሮአምፕ ገደማ ይፈልጋል።

ፈረስ መጋላ፦
ኦፕ አምፕ ካጣህ በሌላ ባትሪና በ10 ኪሎ ፖቴንሺዮሜትር (የሚዞር ሬዚስተር) 2 ቮልት አካባቢ አውጣ፣ ሁለቱን ኔጌቲቭ አገናኝ፣ ቴስተሩን በፖቴንሺዮሜትሩ መሃለኛ እግርና በሬዚስተሮችህ መሃል ነጥብ መካከል አድርገህ ዜሮ እስኪል አዙር። ዜሮ ሲል በቴስተሩ ምንም ከረንት አያልፍም። ከዚያ ፖቴንሺዮሜትሩን ለብቻው ለካው፣ መልስህ እሱ ነው። ደግሞ ቦርዱን በእጅህ አትንካ፣ በሜጋኦም ሲኬድ የድሬ ላብ ራሱ ሬዚስተር ይሆናል።

የከዚራ ልጅ፦
በፖቴንሺዮሜትሩ ሞከርኩት፣ 2.04! ላቡን ግን እንዴት ነው የማስቆመው፣ መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ቆሟል።