ቴንሰርፍሎው፦ መብራት በጠፋ ቁጥር «አቦርትድ ኤረር»

ኮምቦልቻ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተሮችን በስዊች አያይዤ በቴንሰርፍሎው (የማሽን ለርኒንግ ላይብረሪ) መልቲ ወርከር ሚረርድ ስትራቴጂ፣ ማለትም ሥልጠናውን ለብዙ ኮምፒውተር በሚያካፍለው ዘዴ፣ አንድ ሞዴል እያሠለጠንኩ ነው። ዩፒኤስ ያለው አንዱ ብቻ ነው። መብራት ብልጭ ሲል ሁለተኛው ይጠፋል፤ የቀረውም «አቦርትድ ኤረር» አውጥቶ ይቆማል። ስህተቱን በትራይ ኤክሴፕት ይዤ ሥልጠናውን የሚያስጀምረውን «ፊት» ፋንክሽን ደግሜ ብጠራውም ያው ነው፤ አንዴ የተቋረጠ የጋራ ሥራ በዚያው ፕሮሰስ ውስጥ አይታደስም፣ መልእክቱም ፕሮግራሙን እንደገና አስነሱ ይላል። ስለዚህ ሥልጠናው የደረሰበትን አስቀምጦ የሚመልሰውን «ባክአፕ ኤንድ ሪስቶር» ጨመርኩ፤ ፎልደሩ ሁለቱም በሚደርሱበት የጋራ ዲስክ ላይ ነው። ሁለቱንም ፕሮሰስ ሳስነሳ ይመለሳል፣ ግን የሚያስቀምጠው በኢፖክ (በዳታው ላይ አንድ ሙሉ ዙር) መጨረሻ ብቻ ነው። አንድ ኢፖክ 50 ደቂቃ ይፈጃል፤ የእኛ መብራት ደግሞ ያን ያህል አይታገስም። በየስንቱ እንደሚያስቀምጥ የሚወስነውን «ሴቭ ፍሪክ» 200 ባች (ዳታው ተከፋፍሎ የሚገባበት ቁራጭ) ባደርገው፣ ሲነሳ ከተቀመጠው ባች ይቀጥላል ወይስ ኢፖኩን ከመጀመሪያው ይደግማል?