ክርክር፦ ፋብሪካው «አምጡት፣ ልጠግነው» ሲል ደህና ሞተር ይፈታ?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ከአንድ አባላችን የመጣ ነው። የፈረንጆቹ 2013 ሞዴል ቶዮታ 86 አለው። ያ ባለ ሁለት በሩ፣ ዝቅ ያለው፣ ባህር ዳር ውስጥ በፔዳ ሰፈር ሲያልፍ የባጃጅ ሾፌሮች አንገት የሚዞርለት። ከዱባይ ነው የገባው። በሻንሲ ቁጥሩ ሲያጣራ ሪኮል ያለበትና ጥገናው ያልተሠራለት ሆኖ ተገኘ። ለማያውቁት፦ ሪኮል ማለት አምራቹ ራሱ ጥፋቱን አምኖ «ይህ ክፍል ችግር አለበት፣ መልሱልኝና በነጻ ላስተካክል» ብሎ የሚያወጣው ጥሪ ነው። ጥያቄው ግልጽ ነው። ወኪል ጋራዥ ወስዶ ያሠራ ወይስ ይተወው? ሰፋ ስናደርገው ደግሞ፣ የሪኮል ጥገና ይታመናል ወይ? ስድብ የለም። «የኔ መኪና ምንም አልሆነ» ብሎ መውጣትም የለም።

ባለ 86፦ ሪኮሉ የወጣው በፈረንጆቹ 2018 መጨረሻ ላይ ነው። የቫልቭ ሞላ ነው፣ አየርና ጭስ የሚያሳልፈውን የሞተር በር መልሶ የሚዘጋው ጥምዝ ሽቦ። ሞላው ሊሰበር ይችላል፣ ከተሰበረ ሞተሩ እየሄደ ሊጠፋ ይችላል ይላል። የኔ አሁን ምንም የለበትም። ዘይት አይበላም፣ ድምፅ የለውም። እኔን የሚያስፈራኝ ሞላው ሳይሆን ጥገናው ነው። ለዚህች ሞላ ሲባል ሞተሩ እንዳለ ይወርዳል። ውጭ ያሉ ባለቤቶች ደግሞ ካሠሩ በኋላ ሞተሩ ነከሰብን፣ ማለትም ተጣብቆ ቆመብን፣ እያሉ ነው። አሜሪካ ውስጥ ክስ እስከ መመሥረት ደርሰዋል።

ታክሲው፦ ደህና ሞተር አይነካም። አለቀ።

ጋሽ ቴስታታ፦ ቀስ በል እንጂ ወንድሜ፣ ገና አልተጀመረም። ይህ ሞተር እኛ የለመድነው ዓይነት አይደለም። ቶዮታና ሱባሩ አብረው የሠሩት ነው፣ የሱባሩ ደም ይበዛበታል። ፒስተኖቹ ወደ ላይ አይቆሙም፤ ግራና ቀኝ ተኝተው ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ቴስታታዎቹ፣ ማለትም ቫልቮቹ ያሉባቸው የሞተሩ ራሶች፣ ወደ ጎን ከሻንሲው ጋር ተጠግተዋል። ኮፈኑን ከፍተህ ሞላ ልቀይር ብትል እጅህ አይገባም። ለዚህ ነው የሚወርደው። ይሄ ራሱ ችግር አይደለም፣ ሞተር ማውረድ የዕለት ሥራችን ነው። ችግሩ ሲገጠም ነው የሚመጣው። የፊት ሽፋኑ የሚታሸገው በጓርኒሲዮን (ተቆርጦ በተዘጋጀ ማሸጊያ) ሳይሆን በሚቀባ ሲሊኮን ነው። ሲሊኮን ካነሰ ዘይት ያፈሳል። መካኒክ ደግሞ ማፍሰስን ይፈራል፣ ስለዚህ ያበዛል። የበዛው ወደ ውስጥ ይተርፋል። የተረፈው ተቆርጦ ኮፓ (የዘይቱ ገንዳ) ውስጥ ይወድቃል፣ የዘይት መምጠጫው ወንፊት ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ብሮንዚናው፣ የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት መደገፊያ፣ ዘይት ያጥረዋል። ሲነክስ ማንም «ሲሊኮን ነው» አይልም፤ «ሹፌሩ ዘይት ሳይቀይር ቀርቶ ነው» ይላሉ።

ታክሲው፦ ታዲያ ጋሼ፣ እርስዎም ከኔ ጋር ነዎት ማለት ነዋ!

ጋሽ ቴስታታ፦ አይደለሁም። እኔ ያልኩት የእጅ ጥፋት ነው። ፋብሪካው ሞላው ደካማ ነው ያለው እውነት ነው።

የፖሊዋ መምህርት፦ እዚህ ላይ ልግባ። «አሁን ምንም የለበትም» የሚለው ለሞላ ማስረጃ አይሆንም። ብረት ሲደክም አይጮህም። ስንጥቁ ውስጥ ለውስጥ ያድግና አንድ ቀን ይበጠሳል። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ 3,000 ጊዜ ይከፈታል። በሰከንድ 50 ጊዜ ማለት ነው። ሞላው ያን ሁሉ ጊዜ ይጨመቃል።

ዲሲ ያለሁ ባህር ዳሬ፦ መምህርት፣ በዚሁ ሒሳብ ልሟገትሽ። መኪናው 100,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል እንበል። በአማካይ በሰዓት 40 ከሄደ 2,500 ሰዓት ነው። ሞተሩ በአማካይ በደቂቃ 2,000 ከዞረ እያንዳንዱ ሞላ 150 ሚሊዮን ጊዜ ተጨምቋል። ተማሪ እያለን ብረት 10 ሚሊዮን ጊዜ ከቻለ ቻለ ማለት ነው ብላችሁ አስተምራችሁናል። ታዲያ ያ ሞላ ፈተናውን አላለፈም?

የፖሊዋ መምህርት፦ ጥሩ ክርክር ነው፣ አልንቀውም። ለተራ ብረት ይሠራል። እዚህ ግን የተባለው ሞላው ውስጥ ጥቃቅን ባዕድ ነገር አለ ነው። እንዲህ ያለ ስንጥቅ ከውስጥ ነው የሚነሳው፣ ጠንካራ የሞላ ብረት ላይ ደግሞ ከ10 ሚሊዮን በኋላም ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። በሌላ በኩል፣ በከተማ ፍጥነት የሚሄድ ሞላ ሞተሩ ሲጮህ ያህል አይጨነቅም። ዘንባባው ሥር ከባጃጅ ኋላ እየተጎተተ የሚሄድ 86 ምን ያህል ይዞራል? መኪናው እውነት የሚፈተነው ከከተማ ሲወጣ ነው። ሞተሩ በድንገት ቢጠፋ የሚያስፈራውም ያኔ ነው።

ባለ 86፦ እኔም ለከተማ አልገዛሁትም መቼስ።

ታክሲው፦ እሱንስ ገምተናል።

ዲሲ ያለሁ ባህር ዳሬ፦ እኔ ከባለ 86ቱ ጋር አንድ ዓይነት መኪና ነድቻለሁ፣ ያንኑ ሪኮልም አሠርቻለሁ። አወያዩ ከልክሏልና «ምንም አልሆነም» ብዬ አልመሰክርም። የምለው ሌላ ነው። የሪኮል ዓይነት ይለያያል። ሁለት ምሳሌ ልስጥ። ፖርሸ በ2014 አዲሱ 911 ጂቲ3 መኪኖቹ ሞተር ውስጥ የቢየላ (ፒስተኑን ከታች የሚይዘው ዘንግ) ብሎን እየላላ እሳት አስነሳ። የዓለሙ መኪና በሙሉ 785 ነበር። «አትንዱ» አለ፣ ከዚያም ለሁሉም አዲስ ሞተር ቀየረ። ብሎን አጥብቁ ብሎ ለየጋራዡ አልላከም። ፌራሪም በ2010 የ458 ጎማ ቤት ውስጥ ያለው ማጣበቂያ እየጋለ እሳት ሲያስነሳ፣ ማጣበቂያውን ትቶ በብረት ማያያዣ እንዲታሰር አደረገ። ቀላል፣ በዓይን የሚታይ ሥራ ነው። የ86ቱ ግን ምንድነው? ፋብሪካው ትንሽ ሞላ በፖስታ ላከ፣ በዓለም ዙሪያ ያለ መካኒክ ግን ሙሉ ሞተር ፈትቶ እንዲገጥም ተጠየቀ። ለመካኒኩ የሚከፈለው ደግሞ በተወሰነ ሰዓት ልክ ነው፣ ስለዚህ ይጣደፋል። እኔ የማምነው ጋራዡ በእጁ የሚሠራው ባነሰ ቁጥር ነው።

ጋሽ ቴስታታ፦ እንዲህ ከሆነ የቀረው የማን እጅ ነው የሚለው ነው። ልጄ፣ እኔ ብሆን ወኪሉን «ታምናላችሁ ወይ» ብዬ አልጠይቅም። ማን ነው የሚፈታው? ይህን ሞተር ከዚህ በፊት አውርዷል ወይ? ሲሊኮኑ ምን ያህል ወፍራም እንደሚቀባ የፋብሪካውን ወረቀት ያሳየኝ። ሲገጥም ልቁም፣ ካልተፈቀደልኝ ፎቶ ያንሱልኝ። ከጥገናው በኋላ ጥቂት ከተነዳ ዘይቱ ይፍሰስ፣ ኮፓው ይውረድ፣ ወንፊቱ ይታይ። ንጹሕ ከሆነ ተገላገልክ። ይህን የሚጠላ ጋራዥ ካለ መልሱን ሰጥቶሃል።

ታክሲው፦ ጋሼ፣ ባህር ዳር ላይ ይህን ሞተር ያወረደ ሰው ይኖራል? አዲስ አበባ ልውሰድ ቢል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መሀሉ ላይ ዓባይ በረሃ አለ። በጭነት መኪና ካስጫነ ደግሞ የነጻው ጥገና ነጻ መሆኑ ቀረ። ሞተሩ ቢነክስስ? የነዳጅ የግል መኪና ማስገባት ከ2024 ወዲህ ተከልክሏል፤ ለብርቅዬ መኪና ዕቃ ከየት ይመጣል? እኔ ፈሪ አይደለሁም። የአንድ ጋራዥ ሥራ አይቻለሁ፣ መኪናዬን ስረከብ ብሎን ጎድሎ ነው የተቀበልኩት።

የፖሊዋ መምህርት፦ ይህ የመጀመሪያው ጠንካራ ክርክርህ ነው ወንድሜ። ከሞላው ይልቅ መንገዱና ዕቃው ያሳስበኛል።

ባለ ቪትዟ፦ ይቅርታ ላቋርጥ። እናንተ ከሁለት ሰው በላይ በምቾት ስለማይጭን መኪና ትከራከራላችሁ። ይህች ከተማ በቪትዝና በኮሮላ የተሞላች ናት። የኔ ቪትዝ የኤርባግ ሪኮል አለበት አሉኝ። እሱም ይተው ነው የምትሉት?

ዲሲ ያለሁ ባህር ዳሬ፦ ኧረ በፍጹም! ታካታ የሚባለው ኩባንያ የሠራው ኤርባግ ነው። በመኪና ታሪክ ትልቁ ሪኮል እሱ ነው። ኩባንያውንም በ2017 ለኪሳራ ዳርጎታል።

የፖሊዋ መምህርት፦ ኤርባጉን የሚነፋው አሞኒየም ናይትሬት የሚባል ኬሚካል ነው። ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ይበላሻል፣ ከዚያ ሲቀጣጠል ከሚገባው በላይ ይፈነዳል። የያዘው የብረት ቆርቆሮ ተበጣጥሶ ፊትና አንገት ላይ ይመጣል። ከሞት የሚተርፉበት ትንሽ ግጭት ላይ ሰው የሞተው በዚህ ነው።

ታክሲው፦ ባህር ዳር ፍሎሪዳ አይደለችም እኮ። የጣና ነፋስ አለ፣ ሙቀቱም እንደዚያ አይደለም።

የፖሊዋ መምህርት፦ እውነት ነው፣ እዚህ ጉዳቱ ይዘገያል። ግን መኪናው የተወለደው ባህር ዳር አይደለም። ከእኛ በፊት የት ኖረ? ዱባይ የባሕር ዳርቻ ላይ ስንት ዓመት ፀሐይ ላይ ቆመ? ዕድሜውም አለ።

ዲሲ ያለሁ ባህር ዳሬ፦ እንዳልዋሽ ግን፣ እዚያም ላይ ጉድለት ነበር። መጀመሪያ አካባቢ የተቀየሩት አንዳንዶቹ በዚያው ዓይነት ኬሚካል ነው የተቀየሩት፣ በኋላ እንደገና ተጠሩ።

ታክሲው፦ አያችሁ!

ጋሽ ቴስታታ፦ ምኑን አየን? አሮጌው በአዲስ ቢቀየር እንኳ ዓመታት ገዛህ። ይህ ደግሞ ሞተር መፍታት አይደለም። አሮጌው እንዳለ ይወጣል፣ አዲሱ እንዳለ ይገባል። የሚቀባ የለም፣ የሚበዛ ሲሊኮን የለም። ዲሲ ያለው ልጅ ባለው መለኪያ የሚታመነው እንዲህ ያለው ነው። ብቻ እህቴ፣ በየሰፈሩ ኤርባግ እንዳታስፈቺ። ኤርባጉን አውጥተው የዳሽቦርዱን መብራት በትንሽ ሬዚስተር አታለው የሚያጠፉ አይቻለሁ። መብራቱ ጠፋ ማለት ኤርባግ አለ ማለት አይደለም።

አወያይ፦ እዚሁ ላይ አንድ ሐሳብ ላንሳ። ጃፓን ከ2018 ጀምሮ አደገኛውን የታካታ ኤርባግ ያላስቀየረ መኪና ምርመራ እንዳያልፍ አድርጋለች። እኛም ቦሎ ሲወጣ ሪኮል ይጠየቅ?

ታክሲው፦ ጃፓን ዕቃው በሩ ላይ ነው። እዚህ ዕቃው ሳይመጣ ቦሎ ከከለከልክ፣ የሚከፈተው ጥገና ሳይሆን ሌላ በር ነው። ታውቀዋለህ።

የፖሊዋ መምህርት፦ መከልከሉ ይቅር፣ መንገሩስ? ቦሎ ሲሰጥ «መኪናህ ሪኮል አለበት» የሚል ወረቀት ቢጨመር ማን ይጎዳል?

ታክሲው፦ ለመንገሩ አልቃወምም።

ባለ 86፦ እኔ ወስኛለሁ። ጋሼ የዘረዘሩትን ጥያቄ ጽፌ ለወኪሉ እልካለሁ። ይህን ሞተር ያወረደ ሰው ካላቸው እወስዳለሁ። ከሌላቸው ሞላው ይቆያል፣ እኔም እስከዚያ ሞተሩን አላስጮኸውም። ዓባይ በረሃንም አልሞክርበትም።

ባለ ቪትዟ፦ ለኔስ? ኢንተርኔቱ 17 ፊደልና ቁጥር አስገቢ ይላል። ሊብሬዬ ላይ ያለው ግን አጭር ነው።

አወያይ፦ የጃፓን ገበያ መኪና ስለሆነ ነው፣ የነሱ ሻንሲ ቁጥር 17 አይሞላም። የአሜሪካን ገጽ ተይው፣ የቶዮታ ጃፓንን ገጽ ፈልጊ፣ እዚያ አጭሩን ይቀበላል።

ጋሽ ቴስታታ፦ ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ አትውሰጂ። መኪናው ላይ የተቀረጸውን ራስሽ አንብቢ። ሊብሬ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቶ ሰው የሌላ ሰው መኪና ሲያጣራ አይቻለሁ።