አስቸኳይ! የድሮ ኮልት ሽጉጥ በሎሚና በአመድ ታጥቦ ቃታው ቆሞ ቀረ፤ ነገ ገማች ይመጣል

የእናቱ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ፣ አሜሪካ) ነኝ፤ ጊዜ ስለሌለኝ እባካችሁ ቶሎ በሉ። እማዬ ሆም ኬር ትሠራላቸው የነበሩ አሮጊት ባለፈው ወር አረፉ። ልጃቸው ማስታወሻ ይሁንሽ ብላ በሳጥን ያለ አሮጌ ሽጉጥ ሰጠቻት። ትንሽዬ ናት፤ "ኮልት" የሚል ተጽፎባታል። ነገ በ4 ሰዓት የጨረታ ቤት ሰው አይቶ ሊገምት ይመጣል። እማዬ ደግሞ "እንዲህ ጠቁሮ ለእንግዳ አይታይም" ብላ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ እንደ ጸናጽል በሎሚና በአመድ ፈትጋ፣ በውኃ አለቅልቃ ጠበቀችኝ። አሁን ቃታው (ከኋላ ያለው መዶሻ) ትንሽ ወደ ኋላ ሄዶ ቆሟል፤ ምላጩን ብስበው አይወርድም። እጀታው ጀርባ ላይ የነበረው ብር ተልጦ ከሥሩ ወርቅ ወጥቷል (!!)። ጽሑፉ ውስጥ አመድ ገብቶ ደርቋል። ደብሊው ዲ 40 (የዝገት ማስለቀቂያ ቅባት) ነፍቼበታለሁ፤ እንዲደርቅ በትንሽ እሳት ኦቨን ውስጥ ላስገባው ነው። ስንት ደቂቃ ይበቃዋል?

ሻይ በቅመም
25 ደቂቃ። ልታወጣው ስትል የጥብስ ቅጠል ጣል አድርግበት።

ደብረ ዘይት 77
ደብሊው ዲ 40 አልበቃውም ማለት ነው፤ ጨምርበትና አሳድረው። እኔ የበር ቁልፍ በሱ አስተካክያለሁ።

ነርስ ነኝ
ይቅርታ፣ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። እናትህ በኤጀንሲ በኩል ከሆነ የምትሠራው፣ አብዛኞቹ ከታካሚ ቤተሰብ ዋጋ ያለው ስጦታ መቀበል ይከለክላሉ። ሌሎች ወራሾችስ ያውቃሉ? ጨረታ ላይ ከወጣ በኋላ አንዱ ወንድም ተነሥቶ "የአያቴ ነው" ቢል ምን ልትሉ ነው?

የእናቱ ልጅ
እህቴ፣ በኤጀንሲ አይደለም፤ ልጅቷም በእጇ ጽፋ ፈርማ ነው የሰጠቻት። እኔ የጠየቅሁት ስለ ቃታው ነው።

አሮጌ ብረት
ኦቨኑን አጥፋ። ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ሂድና አጥፋ።

አጠፋህ? እሺ። እንደገለጽካት ከሆነች ይህች ሽጉጥ ከኋላ ጥይት አይገባባትም። ባሩድ ከፊት በኩል በተሽከርካሪው (መሐል ላይ በሚዞረው ክብ ብረት) በየጉድጓዱ ይፈስስና በላዩ የእርሳስ ድብልብል ተጠቅጥቆ ይገባል። ከኋላ ባሉት ትንንሽ ጡቶች ላይ ደግሞ ቃታው ሲመታው እሳት የሚጭር የመዳብ ቆብ ይደፋል። ያን ዘመን ሰው አጉርሶ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣት ነበር፤ ማውጣቱ ከመተኮሱ ይከብዳልና። ባሩዱ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ 160 ዓመት ምንም አይለውም። በእሳት ስታሞቀው ደግሞ ምላጭ አያስፈልገውም።

ስለዚህ መጀመሪያ የጎረሰች መሆን አለመሆኗን እወቅ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ግድግዳ አዙር፤ አንተም ፊት ለፊቷ አትቁም። ከጎን ሆነህ ስልክህን አስጠግተህ የተሽከርካሪውን የፊት ጉድጓዶች በመብራት ፎቶ አንሣ። ባዶ ከሆኑ ጥልቅ ጨለማ ታያለህ። ግራጫ ድፍን ነገር ከታየህ እርሳስ ነው። ከኋላም የመዳብ ቆብ እንዳለ ተመልከት። ቃታውን አትንካ፤ ምላጩንም መሳብ ተው።

የእናቱ ልጅ
አጥፍቻለሁ። ገብታ ነበር፤ 3 ደቂቃ ገደማ።

ሻይ በቅመም
ቀልዴን አንሥቻለሁ። በእግዚአብሔር፣ እናትየውን ከኩሽና አስወጣቸው።

ቦሌ ሚካኤል
ምን ታካብዳላችሁ? ቅጂ ነው። ጣሊያኖች እንዲህ ያለውን በሽበሽ ያመርታሉ፤ አጎቴ ግድግዳው ላይ ሰቅሏል። ለሆም ኬር ሠራተኛ እውነተኛውን ማን ይሰጣል?

አሮጌ ብረት
ቅጂ ቢሆን በዓይን ይለያል። የጣሊያኑ የመንግሥት የፍተሻ ማኅተም አለበት፤ ኮከብ ሆኖ ከሥሩ "ፒ ኤን" የሚል፣ ጥቁር ባሩድ ማለት ነው። በአጠገቡም የተሠራበትን ዓመት የሚነግር ትንሽ ሣጥን አለ። እንዲህ ያለ ነገር ካለ በዚሁ እንተወው። ከሌለ ደግሞ ተሽከርካሪው ላይ የተቀረጸውን ሥዕል ተመልከት፤ የፈረስ ሠረገላ ዝርፊያ ከሆነ የ1849 የኪስ ኮልት ነው። ካሊበሩ (የአፈሙዙ ስፋት) 31 ሲሆን አብዛኞቹ 5 ጎራሽ ናቸው። ከ3 መቶ ሺህ በላይ ስለተሠራ ብርቅ አይደለም፤ ዋጋ ካለው ዋጋው ያለው ጽሑፉ ላይ ነው። ምን ይላል?

የእናቱ ልጅ
ማኅተምም ሣጥንም የለም። ሠረገላና ፈረሶች አሉ፤ ግማሹ በአመዱ ደብዝዟል። ጽሑፉ "ለሌተናንት እገሌ (ስሙን ልተወው) ከጓዶቹ፣ 6ኛ ሬጅመንት፣ ኤም. ቪ. ኤም.፣ ኤፕሪል 1861" ይላል። ኤም ቪ ኤም የሰጪው ስም መሰለኝ።

መዝገብ ቤት
ልጄ፣ የሰው ስም አይደለም። የማሳቹሴትስ በጎ ፈቃደኛ ሚሊሻ ማለት ነው። "ሚሊሻ" ሲባል የቀበሌው እንዳይመስልህ። የሱቅ ጸሐፊው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ጠበቃው በትርፍ ጊዜው የሚሰለፍበት ማኅበር ነበር፤ መኮንኖቹንም ራሳቸው ይመርጡ ነበር። መኮንን ሽጉጡንና ጎራዴውን የሚገዛው ከኪሱ ነው። ስለዚህ ዘመቻ ሲመጣ ጓደኞቹ እንደ እድርተኛ አዋጥተው ይሸልሙታል፤ ስሙን ያስቀርጹለታል።

ቀኑን ልብ በል፤ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተጀመረበት ወር ነው። ፕሬዚዳንት ሊንከን ኤፕሪል 15 ቀን 1861 ለ90 ቀን የሚያገለግሉ 75,000 ሚሊሻዎች ጠራ። 6ኛው ማሳቹሴትስ ፈጥነው ከተነሡት አንዱ ነው። ኤፕሪል 19 ባልቲሞር ደረሱ። እዚያ ሁለቱ ጣቢያዎች በሐዲድ ስላልተገናኙ ፉርጎው በከተማው መካከል በፈረስ ይጎተት ነበር። ለደቡቡ ያደላ ሕዝብ መንገድ ዘጋ፣ ድንጋይ ወረደ፣ ተኩስ ተከፈተ። 4 ወታደርና 12 የከተማው ሰው ሞተ። የተረፉት ዋሽንግተን ደርሰው ካፒቶል ውስጥ የሴኔቱ አዳራሽ ወለል ላይ ነው ያደሩት። እኛ ዘንድ ያን ጊዜ ዐፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። አንተ ካለህበት ባልቲሞር በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ሽጉጡ ግን እዚያ ነበረ ለማለት ጽሑፉ ብቻውን አይበቃም፤ ከቤቱ ሳይወጣም ሊሆን ይችላል።

ቦሌ ሚካኤል
ትምህርቱን ወደድኩት፤ ጥያቄው ግን ቃታ ነበር።

የእናቱ ልጅ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስሙን እርግጠኛ መሆን የምችልበት መንገድ ይኖራል? ወርቁስ?

መዝገብ ቤት
የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት የዚያን ጦርነት ወታደሮች ስም ዝርዝር በነፃ ድረ ገጽ ላይ አስቀምጧል፤ ስሙንና ሬጅመንቱን አስገባና ፈልግ። የአገልግሎት ማኅደሩ ዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። ጽሑፉ ከጊዜ በኋላ የተቀረጸ እንዳይሆንም ተጠንቀቅ፤ የማይታወቅ ሽጉጥ ላይ ስም መቅረጽ የቆየ ንግድ ነው። ዙሪያው አርጅቶ ፊደሎቹ ብቻ ስል ከሆኑ ጠርጥር።

አሮጌ ብረት
ወርቁ ነሐስ ነው፣ ወንድሜ። የኪስ ኮልት የእጀታ ጀርባና የምላጭ ቀለበት ነሐስ ሆኖ በላዩ ብር የተቀባ ነው። እናትህ ያነሡት ያን ብር ነው። አይመለስም፤ እንደገና አስቀባለሁ ብትል ደግሞ የቀረውንም ትገድለዋለህ። ብረቱንም አታስጠቁር። ገማቹን "ትናንት በሎሚ ታጠበ" ብለህ እውነቱን ንገረው፤ ሳትነግረው ያየዋል።

አሁን ስለ ቃታው። ምናልባት ምንም አልተበላሸም። እነዚህ ሽጉጦች ቃታቸው በግማሽ የሚቆምበት ቦታ አላቸው። እዚያ ሲሆን ምላጩ እንዲቆለፍ፣ ተሽከርካሪው ደግሞ እንዲዞር ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ማጉረሻው ቦታ እሱ ነው። እናትህ ሲፈትጉ አንድ ጊዜ "ቀጭ" ሲል ሰምተው ይሆናል።

የእናቱ ልጅ
ጠየቅኳት። "ሁለቴ ቀጭ አለ፤ ብረት ነው፣ ይጮኻል" አለች።

ደብረ ዘይት 77
ደብሊው ዲ 40 ነፋህበት?

ነርስ ነኝ
ፎቶውስ? ማንም አልጠየቀም እኮ። ጉድጓዶቹ ባዶ ናቸው?

የእናቱ ልጅ
አሁን አነሣሁ። አራቱ ይታያሉ፤ አምስተኛው ከአፈሙዙ ኋላ ተሸፍኗል። ሁለቱ ጥልቅ ናቸው። ሁለቱ ግን ግራጫ ድፍን ናቸው፤ አንደኛው ላይ ነጭ ሻጋታ የመሰለ አለ። ከኋላ አንዱ ጡት ላይ አረንጓዴ ነገር ተለጥፏል።

አሮጌ ብረት
ነጩ የእርሳስ ዝገት ነው። አረንጓዴው የመዳብ ቆብ ነው። ጎርሳለች።

ከዚህ በኋላ አትንካት። ውኃ ገብቶባታልና ሞታለች እንዳትል፤ ባሩድ ሲደርቅ መልሶ ይነድዳል። ጠረጴዛው ላይ እንዳለች አፈሙዟ ወደ ውጭው ግድግዳ ይሁን፤ ክፍሉን ዝጋ። ለፖሊስ በአስቸኳይ ባልሆነው መስመር ደውለህ "የጎረሰ ጥንታዊ ሽጉጥ አለኝ፣ ማራገፍ አልችልም" በላቸው። ጥቁር ባሩድ የሚያውቅ የመሣሪያ ጠጋኝ ካገኘህም ሳትደውል ይዘህ አትሂድ። ለጨረታ ቤቱም ዛሬ ማታ ንገራቸው፤ ሰውየው ነገ መጥቶ ቃታውን ሊስበው ይችላል። አመዱን ማራገፍ ከዚያ በኋላ ነው፤ በለስላሳ ብሩሽና በቀጭን ዘይት፣ ጽሑፉን በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ቀስ ብለህ።

ቦሌ ሚካኤል
እሺ፣ ቅጂ አይደለም።

ሻይ በቅመም
ነገ በ4 ሰዓት ያልከው በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ? ልዩነቱ ዛሬ ሌሊት ላይ ትልቅ ነው።

መዝገብ ቤት
ልጄ፣ ፖሊስ ሲመጣ "ይወገድ" ካሉህ ቅርስ መሆኑን አስረዳ። በፌዴራሉ ሕግ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ እንደ ጥንታዊ ነው የሚቆጠረው። የክልሉን ሕግ ለብቻ ጠይቅ።

ጎጃም በር
ገማቹ ካልፈለገው ለእኔ ይላክልኝ፤ አዲስ አበባ ነኝ።

አሮጌ ብረት
ቦሌ ላይ "ጥንታዊ ነው" ብለህ የጦር መሣሪያ አዋጅ 1177ን ልታስረዳቸው ነው? ተው።

ነርስ ነኝ
የእናቱ ልጅ፣ ደወልክ? ሁለት ሰዓት ሆነህ እኮ።

ነርስ ነኝ
ማክሰኞ ነው ዛሬ። ቢያንስ እማማ ደህና ናቸው በለን።

አዲስ ገቢ 12
ሰላም፣ አሁን ነው ያየሁት። ቃታ ሲጣበቅ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጉት፤ ወዲያው ይለቃል።

አሮጌ ብረት
ከላይ አንብብ።