የጋለው የብረት ጫማ ለልጆች ይነበብ? በግሪም ተረቶች የአማርኛ ትርጉም ላይ ክርክር

መነሻ፦ በስኖው ዋይት ተረት መጨረሻ፣ በልጅቷ ውበት ቀንታ ልትገድላት ስትሞክር የኖረችው ክፉዋ ንግሥት ወደ ስኖው ዋይት ሠርግ ተጠርታ ትመጣለች። ከሰል ላይ የጋለ የብረት ጫማ በጉጠት ይቀርብላታል፤ እሱን ተጫምታ ሞታ እስክትወድቅ ድረስ ትጨፍራለች። ጀርመናውያኑ ወንድማማቾች ያዕቆብና ቪልሄልም ግሪም ያሳተሙት እንዲህ ነው። ለ8 ዓመት ልጆች በሚዘጋጅ የአማርኛ መጽሐፍ ይህ ይቆይ ወይስ ይውጣ?

ብራና፦ ይቆይ። ሴትዮዋ እኮ አዳኙን «የልጅቷን ሳንባና ጉበት አምጣ» ብላ ልካው፣ ያመጣላትን የከርከሮ ግልገል ሳንባና ጉበት በጨው አስቀቅላ የበላች ናት። ከዚያ ሦስት ጊዜ ልትገድላት ሞከረች፦ በጠበቀ የደረት ማሰሪያ፣ በመርዘኛ ማበጠሪያ፣ ግማሽ ጎኑ በተመረዘ ፖም። ጫማውን አውጥታችሁ ጉበቱን ብትተዉት ልጁ «ከዚያስ ምን ሆነች?» ብሎ ይይዛችኋል። ጉበቱንም ካወጣችሁት መስታወት የምትወድ ሴትዮ ብቻ ትቀራለች።

የማታ አንባቢ፦ ይውጣ። «ተረቱ እንዳለ» የሚባል ነገር የለም፤ ወንድማማቾቹ ራሳቸው ሲቆርጡ ኖረዋል። ልጆች እርድ ሲጫወቱ አንዱ ሌላውን የሚያርድበት ተረት እ.ኤ.አ. በ1812ቱ የመጀመሪያ እትም ነበረ፣ በ1819ኙ ሁለተኛ እትም የለም። እነሱ ከቆረጡ እኛን ምን ይዞን ነው?

ቀለም ቀንድ፦ ቆርጠዋል፤ ግን ምኑን? በ1812 ግንብ ውስጥ የተዘጋባት ራፑንዜል «ልብሴ ለምን ጠበበኝ?» ብላ ትጠይቃለች፣ እርግዝናዋም በዚያ ይታወቃል። ያ ወጣ። ስኖው ዋይትን የምታሳድዳት በ1812 ወላጅ እናቷ ነበረች፤ በ1819 የእንጀራ እናት ሆነች። ጫካ የተጣሉት ልጆች፣ የሃንዘልና የግሬትልም እናት በ1840 እንዲሁ ተቀየረች። ጭካኔው ግን ባለበት ቆየ። እንዲያውም ርግቦች የሲንደሬላን እህቶች ዓይን የሚያወጡበት ቅጣት በ1819 የተጨመረ ነው። በ1825 የወጣው፣ 50 ተረት ብቻ የያዘው ትንሹ እትም ለልጆች የታሰበ ነበር፤ ስኖው ዋይት እዚያም ውስጥ አለች።

ጅብ አይበላኝም፦ እኔን ከጫማው ይልቅ የሚከብደኝ «የእንጀራ እናት» የሚለው ነው። በእንጀራ እናት እጅ የሚያድግ ልጅ ይህን ሰምቶ ማታ ራት ሲቀርብለት ምን ያስባል?

ቀለም ቀንድ፦ ወደ 1812 ብትመልሳት ደግሞ የወለደች እናት የልጇን ጉበት ልትበላ ነው። ምረጥ።

ቋጠሮ፦ የምትከራከሩት በድርጊቱ ላይ ነው፤ የሚያስፈራው ግን አተራረኩ ነው። ማክስ ሉቲ የተባለው ስዊዘርላንዳዊ የተረት ተመራማሪ እንዳሳየው፣ በአውሮፓ ተረት እጅና እግር ይቆረጣል፣ ደም ግን አይፈስም። ጩኸት የለም፣ ሽታ የለም፤ አንድ ዓረፍተ ነገርና አለቀ። ዛሬ ለአዋቂ የሚጻፈው ጨለማ ጎቲክ ልብ ወለድ ግን ከዚያው ተረት ተነስቶ ተቃራኒውን ያደርጋል። እክፍሉ ውስጥ ያቆይሃል፣ የግድግዳውን ቅዝቃዜ ያስነካሃል፣ በሩ እስኪከፈት ሦስት ገጽ ያስጠብቅሃል። አዋቂው የሚወደውም ያንን ነው። ተርጓሚ የሚሳሳተው ሁለቱን ሲያቀላቅል ነው። «የጋለውን ጫማ ተጫምታ እስክትሞት ጨፈረች» የሚለውን የ8 ዓመት ልጅ ሰምቶ ያልፈዋል። «እግሯ እየተንጨረጨረ፣ እሪ እያለች» ብላችሁ ከጨመራችሁ ግን የዚያን ማታ እንቅልፍ የለም። ሥዕሉም እንደዚያው ነው፤ እዚያ ገጽ ላይ ሥዕል አይግባ። ጮክ ብሎ የሚያነበውም ሰው እዚያ ሲደርስ ድምፁን አያጥልቀው፣ እንደሌላው መስመር አንብቦት ይለፍ።

ብራና፦ የኛም ተረት እንዲሁ ነው። ጅብ አህያን ይበላል፣ ለቅሶ የሚቀመጥ የለም። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የመለሰ ልጅ አጥር ዘሎ እንደገባ ያውቃል፤ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲባል ይወጣል። በዚያ ከፍተን በዚያ እንዝጋው።

ቀለም ቀንድ፦ ይሄ አይዋጥልኝም። የጀርመኑ ተረት «ካልሞቱ ዛሬም በሕይወት አሉ» የሚል የራሱ መዝጊያ አለው። በዳቦ ከዘጋችሁት ጫካው የማን አገር እንደሆነ ይጠፋል።

የማታ አንባቢ፦ በአጭሩ ዓረፍተ ነገር ተረትቻለሁ። ለ8 ዓመት ይሁን፣ ለ5 ዓመት አሁንም እንቢ። ግን «ጨፈረች» ልክ አይደለም፤ ደስ ብሏት የጨፈረች ያስመስላታል። ጀርመንኛው መጨፈር ግድ እንደሆነባት ነው የሚናገረው።

ጅብ አይበላኝም፦ «አስጨፈሯት» በላዋ።

የማታ አንባቢ፦ እነማን? በጀርመንኛው ጫማው ቀድሞ ከሰል ላይ ተጥዶ ነበር፣ በጉጠት ገባ፤ ያስገባው ሰው አይጠራም። «አስጨፈሯት» ስትል ጉጠቱን ለሙሽሮቹ አስያዝካቸው። ያኔ የልጁ ጥያቄ ስለ ንግሥቲቱ መሆኑ ይቀርና ስለ ስኖው ዋይት ይሆናል።

ቋጠሮ፦ «እንድትጨፍር ተደረገች» ቢባልስ?

ብራና፦ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አደረግኸው እኮ! «ሳትወድ በግዷ ጨፈረች» ይበቃል።