አስቸኳይ!! ሶሌታ እየሞላን ሚክሰራችን ቆመ፣ በርሜሉ አልዞር አለ

የሃምሳ አለቃው ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ኮንስትራክሽን ላይ ያላችሁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ደብረ ብርሃን ነን፣ ከጠዋት ጀምሮ የደንበኛ ቤት ሶሌታ (የአርማታ ወለል) እየሞላን ሚክሰሩ መሃል ላይ ጥሎን ቆመ። ሞተሩ ይሠራል በርሜሉ ግን አይዞርም፣ ቺንጋ ቀየርንለት ያው ነው። ኪራይ ደውዬ ነበር ነገ እንጂ ዛሬ የለም አሉኝ። እኔ እናቁም እላለሁ አባዬ ደግሞ በእጅ እያቦካን እስከ ማታ እንጨርሰዋለን ብሎ እጅጌውን ሰብስቧል። አባዬ የቀድሞ ሠራዊት መሐንዲስ ክፍል የነበረ ሰው ነው፣ በ83 ሠራዊቱ ሲበተን ባዶ እጁን መጥቶ ባሬላ ተሸክሞ ነው ዛሬ እኔና ወንድሞቼ የምንሠራበትን ድርጅት ያቆመው፣ እምቢ ካለ እምቢ ነው። ማንኛችን ነን ልክ?

ፎርማን ነኝ፦
ቺንጋው ላልቶ ነው፣ አጥብቁት።

ከሸዋ፦
እህቴ ሌላው ሁሉ ይቆይሽና በርሜሉ ውስጥ የቀረውን አርማታ አሁኑኑ አስወጪ! ሞተሩ ጠፍቶ፣ በአካፋ፣ ከዚያ በውሃ እጠቡት። ከደረቀ በኋላ በመዶሻ ስትደበድቡት ነው የምትውሉት።

ሲቪል 07፦
ጥያቄው ራሱ ጎደሎ ነው። ሶሌታው ምን ዓይነት ነው? ስንት በስንት? የት ላይ ነው የቆማችሁት? ይሄን ሳታውቂ "እናቁም" ማለትም "እንቀጥል" ማለትም አይቻልም። ደግሞ አንድ ሚክሰር ብቻ ይዞ ሶሌታ የሚጀምር ተቋራጭ አልገባኝም፣ ያ አሮጌ ብረት ተሽጦ አዲስ አይገዛም እንዴ?

የሃምሳ አለቃው ልጅ፦
ሪብድ ነው (ብሎኬት ተደርድሮ በመሃሉ ቀጫጭን ወራጅ የሚሞላበት)፣ 12 በ9 ሜትር፣ ትራቬዎቹ (ሶሌታውን የሚሸከሙት ዋና ወራጆች) በየ4 ሜትሩ ናቸው። የመጀመሪያውን ክፍል ጨርሰን ከሁለተኛው ትራቬ ግማሽ ሜትር ገደማ አልፈን ነው የቆምነው። አርማታውን ከበርሜሉ አውጥተናል፣ አመሰግናለሁ ከሸዋ። ሚክሰሩ ለምን አይሸጥም ላልከው፣ አባዬ በራሱ ገንዘብ የገዛው የመጀመሪያ ዕቃ ነው፣ እማዬ ወርቋን ሽጣ ጨምራበት። ሦስታችንንም ያስተማረን እሱ ነው፣ ብረት ብቻ አይደለም።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ አባትሽን ሳላውቃቸው አወቅኳቸው። ግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን ከ400 ሺህ በላይ ሰው ነው ወደየቤትህ የተባለው፣ ጦላይ፣ ሁርሶ፣ ታጠቅ ካምፕ የሰነበተ ያውቀዋል። ማቋቋሚያ ኮሚሽኑ ገጠር ለገባው እህልም የእርሻ ዕቃም ሰጥቷል፣ ከተማ የገባው ግን ሥራ ሲለምን የወታደርነት ወረቀቱን ደብቆ ነበር። መሐንዲስ ክፍል የነበረው እጁ ላይ ሙያ ስለነበረ ሳይቱን ተጠጋ፣ ድልድይ የገጠመ መንገድ የጠረገ ሰው ፌሮ ማሰር አያቅተውም። ስለዚህ "እንጨርሳለን" ሲሉሽ እልህ ብቻ አድርገሽ አትይው፣ ግዳጅ መሃል ላይ አይተውም፣ እንደዚያ ነው የተማርነው። አሁንም ቢሆን አክብረሽ አስረጃቸው፣ ቀን ሠራተኛ ፊት አትከራከሪያቸው።

ፎርማን ነኝ፦
ቺንጋውን አጥብቁት አልኩ እኮ

የአዳማ መካኒክ፦
ፎርማኔ ቺንጋ ቺንጋ እያልክ አንተም እንዳትበጠስ 😂 እህት አንድ ነገር እዪልኝ፣ ትልቁ ፑሊ (ቺንጋው የሚያዞረው ጎማ) ይዞራል ወይስ አይዞርም? ፑሊው እየዞረ ዘንጉ ከቆመ ሁለቱን የሚያቆልፈው ትንሿ አራት ማዕዘን ብረት ተቆርጣለች ማለት ነው። ሞተር አጥፍተሽ ፑሊውን አስወልቂ፣ ዘንጉ ላይ ያለውን ቦይ ለክተሽ አንድ ቁራጭ ብረት በግራይንደር አስተካክለሽ አስገቢ። የተሠራ ካለሽ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ፑሊውም ዘንጉም እየዞሩ በርሜሉ ብቻ ከቆመ ግን ጥርሱ ነው የተበላው፣ እሱ ዛሬ አይሆንም።

ሲቪል 07፦
አሁን ተግባባን። ያላችሁበት ቦታ መቆሚያ አይደለም፣ ከትራቬው ግማሽ ሜትር ላይ ጭነቱ ሊቆርጠው የሚታገልበት ነው። ማቆም የሚሻለው ከትራቬ እስከ ትራቬ ያለው ርቀት መካከለኛ ሲሶ ላይ ነው፣ 4 ሜትር ከሆነ ከትራቬው 1.35 ሜትር ካለፋችሁ በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ አንቺም እሳቸውም ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ፦ አንድ ሜትር ያህል በእጅ ሞልታችሁ እዚያ ላይ ቁሙ፣ እስከ ማታ አትሂዱ። ትራቬዎቹን ጨምሮ ወደ 1.5 ሜትር ኩብ ይመጣል፣ 11 ከረጢት ሲሚንቶ ገደማ፣ የእጅ ስለሆነ አንድ ከረጢት ጨምሩበት። ላሜራ ላይ አሸዋና ሲሚንቶውን ደረቁን አንድ መልክ እስኪይዝ አገላብጡ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ውሃ መጨረሻ። ማቆሚያው ላይ ጣውላ ቀጥ አድርጋችሁ ግጠሙ፣ አርማታው ተዳፍቶ እንዳይቀር፣ ፌሮው ግን አልፎ ይሂድ።

ቤቲ ኪውኤስ፦
የጠነከረውን አርማታ ደግሞ ውሃ ጨምሮ ማለስለስ የሚባል ነገር እንዳይሞከር፣ ሠራተኛ ሲደክመው ይሄን ነው የሚያደርገው።

የሃምሳ አለቃው ልጅ፦
ሞተሩን ለአፍታ አስነስተን ነበር፣ አባዬ አንድ ጆሮው ከጦር ሜዳ ጀምሮ አይሰማም፣ ሞተር የሚያዳምጠው ክዳኑ ላይ መዳፉን አድርጎ ነው። ነካውና "ዘንጉ ሞቷል፣ ፑሊው ብቻውን ነው" አለ። አጥፍተን ወንድሜ እየፈታው ነው። አንድ ሜትሩን ነግሬዋለሁ፣ ቁጥሩን ሲሰማ ዝም ብሎ ሜትሩን አነሳ።

የአዳማ መካኒክ፦
እሳቸውን ስሙ በቃ፣ ያቺው ትንሿ ብረት ናት። የምትከቱት ብረት ልል እንዳይሆን፣ ከተንቀሳቀሰ ዘንጉን ይበላዋል።

ሲቪል 07፦
ነገ ስትቀጥሉ ጣውላውን አንሱ፣ ፊቱ ላይ ያለውን ነጭ ልፋጭ በሽቦ ብሩሽ ጠጠሩ እስኪታይ ፍቁት፣ እጠቡት፣ የተኛ ውሃ አይኑር፣ ሲሚንቶ በውሃ በጥብጣችሁ ቀብታችሁ ሳይደርቅ ሙሉ። የዛሬውን በጆንያ ሸፍናችሁ ቢያንስ 7 ቀን አርጥቡ፣ እዚያ ነፋሱ መጥፎ ነው።

ከሸዋ፦
ምን ደረሳችሁ እህቴ?