የእናትን የሕይወት ታሪክ በ5 ደቂቃ ማንበብ

ጥያቄ፦ በቀብር ላይ የሚነበብ እናትም አያትም የነበሩ ሴት የሕይወት ታሪክ ከ5 ደቂቃ እንዳያልፍ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር? ዋናው እንግዳ ተቀባይነታቸው ነው።

መልስ 1፦ «እንግዳ ተቀባይ ነበሩ» ማለት ብቻውን እሳቸውን አያሳይም። አንድ ድርጊት ምረጡ፦ ሳይጠራ ለሚመጣ ሰው ሁልጊዜ የሚያስቀምጡት ሳህን፣ ወይም እንግዳው ከዓይን እስኪሰወር በር ላይ መቆማቸው። ልደት፣ ትምህርትና ጋብቻ በ4 ዓረፍተ ነገር ይጠቃለሉ፤ ሰዓቱን የሚበሉት እነሱ ናቸው።

መልስ 2፦ የልጅ ልጆችን ስም በዕድሜ ቅደም ተከተል ጽፋችሁ ለሁለት ዘመድ አሳዩ። አንድ ስም ከተዘለለ ቅሬታው ቶሎ አይሽርም። ባለቤታቸውም እንዳይረሱ!

መልስ 3፦ ፊደሉ መጠኑ 16 ይሁን፤ ገጾቹ ላይ ቁጥር ጻፉ። ሐዘን ንባብን ስለሚያዘገይ በልምምድ ከ4 ደቂቃ አይለፍ። አንባቢው እንባ ከተናነቀው የሚቀጥል ሰው ሁለተኛ ቅጂ ይዞ አጠገቡ ይቁም።